ሳትወጣ እግሯም ሽንቷም ይታይ

የነርቭ ጉዳት ለመቀሌ የማህፀን ሕክምና እንግዳ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ከተማዋ ውስጥ የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ሲከፈት የታሰበላቸው ሴቶች ምጥ ለቀናት የጸናባቸው ናቸው። ከእነዚህ ሴቶች መካከል ሽንት ከማምለጡ በላይ እግራቸውን የሚጎትቱ ጥቂት አይደሉም፤ የሕፃኑ ጭንቅላት ወደ እግር የሚወርዱትን ነርቮች ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቋቸዋልና። ምጥ ያደረሰውን ጉዳት በስሙ እንጠራለን። በኦፕራሲዮን ክፍል የሚደርሰውን ግን «ድካም ነው፣ ይለቅሻል» ብሎ የመሸኘት ልማድ አለ። ይህ ልማድ መቅረት አለበት።

ሆድ ተከፍቶ ማህፀን ሲወጣ ቁስሉን ግራና ቀኝ ገትሮ የሚይዝ ብረት አለ፤ ሐኪሞች ሪትራክተር ይሉታል። ክንፉ ረዥም፣ ታካሚዋ ቀጭን ስትሆን የብረቱ ጫፍ ከወገብ ወደ ጭን በሚወርደው ጡንቻ ላይ ይተኛል። ጉልበትን የሚዘረጋው ፌሞራል ነርቭ የሚያልፈው እዚያው ነው። ኦፕራሲዮኑ በረዘመ ቁጥር ጫናው ይበረታል። በማግስቱ ነርሷ «ተነሺ፣ ትንሽ ተራመጂ» ስትላት ጉልበቷ ይከዳትና ትወድቃለች። ማደንዘዣው አልለቀቃት ይሆናል ይባላል፤ ደም አንሷት ይሆናል ይባላል። ጉልበቷን ዘርግታ እግሯን ከአልጋው ከፍ እንድታደርግ የሚጠይቃት ሰው ቢኖር ነገሩ ወዲያው በተለየ ነበር።

መከላከያውም ውድ አይደለም። አጠር ያለ ክንፍ መምረጥ፣ ከሥሩ የታጠፈ ጨርቅ ማድረግ፣ ጣት ሰድዶ ብረቱ ጡንቻው ላይ አለመተኛቱን ማረጋገጥ፣ ሥራው ሲረዝም አላልቶ መመለስ ይበቃል። ማህፀን ወደ ታች ለወረደባት ሴት በሚሠራው ቀዶ ሕክምና ደግሞ እግሮች ወደ ላይ ተሰቅለው ይቆያሉ። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል አጥንቱን ታክኮ የሚያልፈው ነርቭ ከእግር መስቀያው ብረት ጋር ከተጫነ ታካሚዋ የእግሯን ጣቶች ወደ ላይ ማንሳት ያቅታታል። እዚህም የሚያስፈልገው ለስላሳ ድጋፍ ነው፤ ደክሞት ክንዱን ታካሚዋ ጭን ላይ የሚያስደግፈውን ረዳት «ተነሳ» የሚል ሰውም።

ሳይታወቅ የሚቀረው የፊኛ ነርቭ ነው። ከኩላሊት ሽንት በሚያወርደው ቱቦ ሥር፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብለው የሚሄዱ ቀጫጭን ክሮች ናቸው። ለማህፀን ጫፍ ካንሰር በሚደረገው ሰፊ ቀዶ ሕክምና ከተቆረጡ ፊኛው መሙላቱን ለሴትየዋ አይነግራትም። ሐኪሙ ቬርትሃይም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1898 ቪየና ላይ የጀመሩት ቀዶ ሕክምና ለእነዚህ ክሮች ደንታ አልነበረውም። የጃፓኑ ኦካባያሺ የራሳቸውን ዘዴ በዚያው አቆጣጠር በ1921 ካሳተሙ በኋላ ግን የአገራቸው ሐኪሞች ነርቮቹን ለይቶ ማትረፍን ተካኑበት። ይሁንና በአገራችን አብዛኞቹ የማህፀን ጫፍ ካንሰር ታካሚዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው፤ ያኔ ተስፋው ጨረርና ኬሞቴራፒ እንጂ ቢላዋ አይደለም። ነርቭ ለማትረፍ ብሎ ካንሰር ትቶ መውጣትም አይገባም። መቀሌን በይበልጥ የሚመለከታት እንግዲህ በየቀኑ የሚሠራው ተራው ኦፕራሲዮን ነው።

በ2000 ዓ.ም. መቀሌ ውስጥ ሥራ የጀመረው የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች በትግራዩ ጦርነት ወቅት የቀዶ ሕክምና ጓንት አጥበው እየተጠቀሙ፣ ለወራት ደመወዝ ሳያገኙ ሠርተዋል። ያኔ ስለ ነርቭ ምርመራ መዝገብ መጠየቅ ግፍ ይሆን ነበር። ከጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ወዲህም ጉድለቱ ሁሉ አልተሟላም። የምንጠይቀው ግን የውጭ ምንዛሪ የሚፈልግ ነገር አይደለም።

አቋማችን ይህ ነው። ማንኛዋም የማህፀን ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት ሳትሰናበት ጉልበቷን ዘርግታ፣ የእግሯን ጣቶች አንስታ፣ ተራምዳ ትታይ። ሰፊ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ከሆነ የሽንት ማውጫ ቱቦው (ካቴተሩ) ወጥቶ ከሸናች በኋላ የቀረው ሽንት ይለካ፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከቀረ ክትትሉ ይቀጥል። የትኛው ሪትራክተር እንደገባ፣ እግሮቿ እንዴት እንደታሰሩ በኦፕራሲዮኑ ማስታወሻ ይጻፍ። ነርቭ ተቆርጦ ከሆነ እዚያው ይጠገን፣ ይመዝገብ፣ ለታካሚዋም ይነገራት። በጫና የተጎዳ ነርቭ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል፤ ፊዚዮቴራፒ ሳትጀምር ወደ ሽሬ ወይም ወደ ማይጨው የተሸኘች ሴት ግን ይህን አታውቅም፤ ዕድሜ ልኳን አካል ጉዳተኛ የሆነች ይመስላታል።

የትግራይ ጤና ቢሮ ይህን በመመሪያ ያውጣው፤ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ጤና ሳይንስ ኮሌጅም ሬዚደንቶቹ ነርቮቹን ለይተው ሳያሳዩ ቢላዋ እንዳይጨብጡ ያድርግ። ታካሚዎችና አስታማሚዎችም እግር አልታዘዝ ቢል፣ ሽንት ቢያስቸግር «ይለቅሻል» የሚለውን መልስ ብቻ ይዛችሁ አትውጡ፤ ካርዱ ላይ ይጻፍልን በሉ።