ቀይ መብራት ሲበራ «ንዳ!» አይባልም

መኪና የሚነዳ ሰው ብዙ ነው፤ መኪናው ሲናገር የሚያደምጥ ግን ጥቂት ነው። መኪና በእርግጥ ይናገራል። ከመሪው ፊት ለፊት ባለው ሰሌዳ ላይ የሚበሩት ትንንሽ መብራቶች ቋንቋው ናቸው።

የዚህም ቋንቋ ሰዋስው ከባድ አይደለም። አረንጓዴና ሰማያዊ መብራት አንድ ነገር መሥራቱን ብቻ ይገልጻል፤ ቢጫ «ሳትዘገይ አስመርምረኝ» ይላል፤ ቀይ ግን «ቁም» ማለት ነው።

ከቀዮቹ ሁሉ የሚያሰጋው የዘይት ማንቆርቆሪያ ምስል ያለበት ነው። ይህ ሲበራ የሞተሩ ዘይት ግፊት ወድቋል ማለት ነው። ምክንያቱም ዘይቱ ጎድሎ፥ ፓምፑ ደክሞ፥ አንዳንድ ጊዜም ምልክት ሰጪው ራሱ ተበላሽቶ ይሆናል። የትኛው እንደ ሆነ እስኪታወቅ ድረስ ግን ሞተሩን ማጥፋት ይገባል፤ ብረት ከብረት ጋራ ያለ ዘይት ከተፋተገ ሞተሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይነክሳልና።

የሙቀቱ ምልክት የሚበራው የራዲያተሩ ውሃ ሲጎድል፥ ቬንትሌተሩ አልዞር ሲል ወይም ቴርሞስታቱ ሳይከፈት ሲቀር ነው። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ሽቅብ የወጣ ሾፌር ይህን ያውቃል። ታዲያ ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን የሚከፍት ሰው ፊቱን ያስቀቅላል። የባትሪው ምልክት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚከሰው ባትሪውን ሳይሆን ዲናሞውን ወይም የላላውን ቺንጋ ነው። የፍሬኑ ምልክት የእጅ ፍሬን ከተለቀቀ በኋላም ካልጠፋ፥ የፍሬን ሸራ አልቆ ወይም የፍሬን ዘይት ፈስሶ ይሆናልና ቁልቁለት አይጀመርም።

ቢጫው የሞተር ምስል የነዳጅ ታንኩ ክዳን ባለመጥበቁ ብቻ ሊበራ ይችላል። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ሞተሩ በትክክል እየተኮሰ አይደለምና ፍጥነት ቀንሶ ወደ ጋራዥ ማምራት ነው።

እዚህ ላይ ለወጣት ሹማምንት አንድ ቃል አለኝ። ከኋላ የተቀመጠ አለቃ መብራቱን አያይም፤ የሚያየው ሾፌሩ ነው። ሾፌሩ «ጌታዬ፥ ቀይ መብራት በርቷልና እንቁም» ሲል፥ «ስብሰባ ረፍዶብኛል፤ ዝም ብለህ ንዳ!» የሚል መልስ የሚሰጥ አለ። ሞተሩ በነከሰ ጊዜ ግን ደብዳቤ የሚጻፍበት ሾፌሩ ነው። ይህ ፍርድ አይደለም። የመንግሥት መኪና የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ የአንድ ስብሰባ መዘግየት በይቅርታ ሲያልፍ፥ የነከሰ ሞተር በይቅርታ አይነሣም።

ከዚህም የባሰ አለ። መብራቱ ዓይኑን ስለ ወጋው አምፖሉን የሚያስነቅል ወይም በፕላስተር የሚሸፍን ሰው አይጠፋም። ይህ በሽታውን ትቶ ሐኪሙን ማባረር ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ወጣትም ይህን ያስተውል፤ ቁልፉ ሲዞር፥ ሞተሩ ሳይነሣ፥ የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ ለአፍታ መብራት አለባቸው። የዘይቱ መብራት ያን ጊዜ ካልበራ ተቃጥሏል ወይም ሆን ተብሎ ተነቅሏል።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ብቻ አይደለም። መብራቱም ሾፌሩም የሚናገሩት በቅጠል ሊጠፋ በሚቻልበት ሰዓት ነውና፥ ያን ጊዜ እንስማቸው።