አፕዴት ያጠፋው ላፕቶፕ፦ ገንዘብ ከመላክ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንዲት እህት የሥራ ውሏን እንዳስተረጉምላት ዓርብ ከሰዓት መጣች። የውሉን ጉዳይ ከጨረስን በኋላ ስልኳን አወጣችና «ይህንንም ተርጉሚልኝ» አለችኝ። ከፈተችው። ወንድሟ ከአገር ቤት የላከው የድምፅ መልእክት ነው፤ በጥሩ አማርኛ።

«ይሄ እኮ አማርኛ ነው» አልኳት።

«አማርኛ መሆኑንማ አውቃለሁ፤ የሚለው ግን አልገባኝም» አለች።

ልጁ የሚለው እንዲህ ነበር፦ «እታለም፣ ፓይተኑን አፕዴት ላደርግ ብዬ የድሮውን አጠፋሁት። ከዚያ ሊኑክሱ አልነሳ አለ። ጥቁር ሆኖ ቀረ። ላፕቶፑ ሞቷል መሰለኝ። ሱቅ ወስጄው ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም አሉኝ፤ አሮጌ ስለሆነም አዲስ ብትገዛ ይሻላል ብለውኛል።»

ላፕቶፑን ከሰው እጅ በሁለት ወር ደሞዟ ገዝታ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው የላከችው እሷ ነች። አሁን የቀራት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «ሌላ ልግዛለት ወይስ ይቅር?»

ላፕቶፑ አልሞተም ነበር። የተበላሸ ዕቃም አልነበረውም። የተፈጠረው ነገር በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ በሚማሩ ጀማሪዎች ዘንድ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፤ የሚስተካከለውም ያለ ምንም ግዢ ነው። ብዙዎቻችን ለወንድምና ለእህት፣ ለልጅም ላፕቶፕ ስለላክን፣ ስለምንልክም፣ ነገሩን ከሥሩ ማየት ኪሳችንን ያድናል።

በኦክቶበር 2025 ሁለት በሮች ተዘጉ

እንዲህ ያለው ጥያቄ አሁን የበዛበት ምክንያት አለው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ድጋፍ ቆመ ማለት ኮምፒውተሩ ያን ቀን ይጠፋል ማለት አይደለም፤ ሌቦች የሚገቡበት ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍን ጥገና በነበረው መንገድ መምጣቱ ያበቃል ማለት ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በጥቅሉ ሲታይ ከ2018 በፊት የተሠሩ አብዛኞቹ ላፕቶፖች መስፈርቱን አያሟሉም። እኛ ከሰው እጅ የምንገዛቸው ብዙዎቹ ደግሞ ከእነዚሁ ወገን ናቸው።

ስለዚህ ብዙ ተማሪዎች ወደ ሊኑክስ ዞረዋል። ሊኑክስ ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰዎች የሚሠሩበት ነፃ ሶፍትዌር ነው። ሩቅ አይደለም፤ በእጃችሁ ያለው ስልክ አንድሮይድ ከሆነ መሠረቱ ሊኑክስ ነው። ለላፕቶፕ ከሚሆኑት የሊኑክስ ዓይነቶች መካከል ኡቡንቱ እና ሚንት የታወቁ ናቸው። ሁለቱም ክፍያ የላቸውም፤ በአሮጌ ማሽንም ላይ ይሠራሉ።

በዚያው ወር ሌላም በር ተዘጋ። ፓይተን የሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ፣ ማለትም ኮምፒውተርን የምናዝበት ቋንቋ፣ አዲሱን 3.14 ቨርዥን አወጣ፤ የ3.9 ቨርዥን ድጋፍ ደግሞ አበቃ። ፓይተን የሆላንዱ ተወላጅ ጊዶ ቫን ሮሰም በ1991 ለሕዝብ ያቀረበው ሲሆን፣ ለጀማሪ ስለሚቀል ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት እሱን ነው። አሁን በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ አንድ አዲስ ቨርዥን ይወጣል፤ እያንዳንዱም አምስት ዓመት ያህል ድጋፍ ያገኛል።

እንግዲህ ተማሪው ባለበት ቦታ ሆኖ የሚሰማው «አሮጌ ነው፣ አፕዴት አድርግ» የሚል ድምፅ ብቻ ነው። መምህሩ ይለዋል፣ ቪዲዮው ይለዋል፣ ጓደኛው ይለዋል። እንዴት እንደሚደረግ ግን በደንብ የሚነግረው ሰው አያገኝም።

ልጁ ምን አጠፋ?

እዚህ ላይ ከአረብኛ ሁለት ቃላት ልዋስ፤ እዚህ ያለን ሁሉ በየቀኑ የምናያቸው ናቸው። ኢቃማ ሲያልቅ የሚደረገው «ተጅዲድ» ይባላል፦ የቆየው ቀን ይሻራል፣ አዲስ ቀን ይተካል። በስልካችን ላይ አፕ ሲታደስ የሚመጣው ቃል ደግሞ «ተህዲስ» ነው። ሥሩ ከእኛው «ሐዲስ» እና «ተሐድሶ» ጋር አንድ ነው። ሁለቱንም በአማርኛ «ማደስ» ብለን ስለምናልፋቸው አንድ ይመስሉናል።

ልጁ ፓይተንን እንደ ኢቃማ ነው ያየው። አዲሱ ሲመጣ አሮጌው መሻር አለበት ብሎ አሰበ። በሊኑክስ ላይ ግን አሮጌው ፓይተን የተማሪው ብቻ አይደለም። የቤቱም ነው። ኡቡንቱ ራሱ ብዙ ሥራዎቹን የሚሠራው በፓይተን በተጻፉ ፕሮግራሞች ነው፤ አፕዴት መኖሩን የሚያሳየው መስኮት፣ የሶፍትዌር ምንጮችን የሚያስተካክለው መሣሪያ፣ ሌሎችም። ስለዚህ ኡቡንቱ ሲጫን የራሱን ፓይተን ይዞ ይመጣል። ኡቡንቱ 22.04 ፓይተን 3.10ን፣ ኡቡንቱ 24.04 ደግሞ ፓይተን 3.12ን ይዘው ነው የመጡት።

ያንን ፓይተን «አጥፋ» ብሎ ማዘዝ፣ ተከራይ ክፍሉን ላስፋ ብሎ የቤቱን ምሰሶ እንደመንቀል ነው። ኮምፒውተሩ እሺ ይላል፣ ግን በፓይተኑ ላይ የቆመውን ሁሉ አብሮ ያነሳል። ዴስክቶፑ፣ ማለትም ሥዕልና መስኮት ያለው ገጽ፣ አብሮ ይሄዳል። ከማጥፋቱ በፊት እኮ «እነዚህ ሁሉ ሊጠፉ ነው፣ ትስማማለህ?» ብሎ ረጅም ዝርዝር ያሳያል። ጀማሪ ግን ዝርዝሩን አያነበውም፤ «አዎ» ብሎ ያልፋል። እኛስ ቢሆን በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ፈርመን አናውቅም?

ሌላም ተመሳሳይ ስሕተት አለ። አንዳንዱ አሮጌውን አያጠፋም፤ ግን «ፓይተን 3» የሚለውን ስም ከቤቱ ፓይተን ነጥቆ ለአዲሱ ይሰጣል። በማግስቱ ተርሚናሉ፣ ማለትም ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት፣ አልከፈት ሊለው ይችላል። ምክንያቱም ቤቱ «ፓይተን 3» ብሎ ሲጠራ የሚመጣለት የማያውቀው ሰው ነው።

«አሮጌ» ሁሉ አደገኛ አይደለም

ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ እዚህ አለ። የፓይተን ባለቤቶች የአንድን ቨርዥን ድጋፍ ቢያቆሙም፣ ኡቡንቱ ከራሱ ጋር ያመጣውን ፓይተን ራሱ ይጠግናል። ኡቡንቱ 22.04 እስከ 2027፣ 24.04 ደግሞ እስከ 2029 የጥገና ዘመን አላቸው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ተማሪው የሚያስፈልገው የተለመደውን የኡቡንቱ አፕዴት ማድረግ ብቻ ነው። የቁጥሩ ማነስ ብቻውን ኮምፒውተሩን አደጋ ላይ አይጥለውም።

የመጀመሪያ ትምህርትም ቢሆን የቅርብ ጊዜውን ቨርዥን የሚጠይቀው ከስንት አንዴ ነው። መደመር፣ መቀነስ፣ ዝርዝር መሥራት፣ ፋይል መክፈት በ3.10ም በ3.14ም አንድ ነው። አንዳንድ አጻጻፎች ግን ከተወሰነ ቨርዥን በፊት የሉም፤ ለምሳሌ «ማች» የሚባለው ትዕዛዝ የመጣው በ3.10 ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «የመጨረሻው ነው ወይ?» ሳይሆን «ትምህርቱ ከየትኛው ቁጥር ጀምሮ ይሠራል?» የሚለው ነው።

ቸኩሎ አሮጌውን መጣል ለባለሙያዎቹም አልሆነላቸውም። ፓይተን 3 የወጣው በ2008 ነው። ፓይተን 2 በ2015 እንዲያበቃ ታስቦ ነበር፤ ግን ብዙ ድርጅቶች ሥራቸውን ማዛወር ስላልቻሉ ቀኑ ወደ ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ተገፋ። አሥራ አንድ ዓመት አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ኖሩ ማለት ነው። ትልልቆቹ ይህን ያህል ጊዜ ካስፈለጋቸው፣ አንድ ተማሪ በአንድ ሌሊት እንዲጨርሰው መጠበቅ የለበትም።

ትክክለኛው መንገድ፦ አዲሱ ከአሮጌው ጎን

ይህን ክፍል ለወንድማችሁ ወይም ለእህታችሁ ብትልኩላቸው ይበቃል።

አንደኛ፣ የቤቱ ፓይተን አይነካም። አይጠፋም፣ ስሙም ለሌላ አይሰጥም።

ሁለተኛ፣ አዲስ ቨርዥን በእርግጥ ካስፈለገ ጎን ለጎን ይጫናል። ለኡቡንቱ «ዴድስኔክስ» የሚባል የታወቀ የፓይተን ማከማቻ አለ፤ «ፓይኤንቭ» የሚባለው መሣሪያም ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ከዴድስኔክስ የተጫነው በሙሉ ቁጥሩ ይጠራል፤ «ፓይተን 3.13» ሲባል አዲሱ ይመጣል፣ «ፓይተን 3» ሲባል የቤቱ ይመጣል። አይጋጩም።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ ክፍል ይከፈትለታል። ይህ «ቬንቭ» ይባላል። ተማሪው የሚያወርዳቸው ተጨማሪ መሣሪያዎች በዚያ ክፍል ይቀመጣሉ፤ ክፍሉ ቢበላሽ ክፍሉ ብቻ ይጣላል፣ ቤቱ ይቆማል። ከ2023 ወዲህ የወጡት ኡቡንቱና ዴቢያን ተጨማሪ መሣሪያ በቤቱ ፓይተን ላይ ሊጫን ሲሞከር «ይህ አካባቢ በሌላ የሚተዳደር ነው» ብለው ይከለክላሉ። ብዙ ጀማሪ ይህን እንደ ብልሽት ያየዋል። ብልሽት ሳይሆን ጥበቃ ነው፤ ክልከላውን በኃይል ማለፍ ሳይሆን ቬንቭ መክፈት ነው መልሱ።

አራተኛ፣ ሙሉውን ኡቡንቱ ከ22.04 ወደ 24.04 ማሳደግም ይቻላል፤ ፓይተኑም አብሮ ያድጋል። ይህም በነፃ ነው። ግን ብዙ ዳታ ይበላል፣ መብራት መሐል ላይ ከጠፋም ጣጣ ያመጣል። ስለዚህ ባትሪው ሙሉ ሲሆን፣ ፋይሎች በፍላሽ ከተቀዱ በኋላ፣ ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ይደረግ።

የጠፋው እንዴት ተመለሰ?

ያን ዓርብ ማታ ልጁን በስልክ አገኘነው። ጥቁሩ ገጽ ላይ ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ 3 ቁልፎችን አንድ ላይ ሲጫን፣ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ የጽሑፍ ገጽ መጣለት። ያ ገጽ ከመጣ ማሽኑ ሕያው ነው። በኡቡንቱ ላይ ሶፍትዌር የሚጭነው «አፕት» የተባለው ፕሮግራም በፓይተን የተጻፈ ስላልሆነ፣ ፓይተን ቢጠፋም መሥራቱን አያቆምም። ልጁ ስልኩን በኬብል ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ ኢንተርኔት ሰጠውና አፕትን «ኡቡንቱ ዴስክቶፕን መልሰህ ጫን» ብሎ አዘዘው። ፓይተኑም ከነጓዙ ተመለሰ። ጽሑፎቹ፣ ፎቶዎቹ፣ የቤት ሥራዎቹ ሁሉ በቦታቸው ነበሩ፤ ፓይተን ሲጠፋ የግል ፋይሎች አይነኩምና።

ሱቁ ባለው መሠረት ፎርማት ቢደረግ ኖሮ ግን ሁሉም በጠፋ ነበር። ኢንተርኔት ማግኘት ባይቻል እንኳ፣ ኡቡንቱ ባለበት ፍላሽ ማሽኑን አስነስቶ መጀመሪያ ፋይሎቹን መቅዳት ይቻላል። ፎርማት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መፍትሔ አይደለም።

ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

የቨርዥኑን ቀን የሚቆርጡት ሰዎች የእኛን ደሞዝ አያውቁትም። ቀኑን የሚቆርጡት ለራሳቸው ሥራ ነው፤ ክፋት የለበትም። ግን ቀኑ ሲደርስ «አሮጌ ነው» የሚለው ቃል ከሩቅ ተነስቶ፣ በአንድ ሱቅ በኩል አልፎ፣ የእኛ ሐዋላ ላይ ይደርሳል። መሐል ላይ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ከፋዮቹ እኛው ነን።

ስለዚህ «ላፕቶፑ ሞተ» የሚል መልእክት ሲመጣ፣ ኮምፒውተር ባታውቁም አራት ነገር ጠይቁ። ሲከፈት መብራት ያሳያል? ማንኛውም ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ይወጣል? ከመጥፋቱ በፊት የመጨረሻ ያደረግኸው ምን ነበር፣ ያጠፋኸው ነገር አለ? ፋይሎችህን ቀድተሃል? ጽሑፍ የሚያሳይ ከሆነና የመጨረሻው ሥራ «አፕዴት» ወይም «አጠፋሁት» ከሆነ፣ ችግሩ በአብዛኛው የሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ ደግሞ በነፃ ይመለሳል። ማሽኑ ወድቆ ከሆነ፣ ውኃ ከገባበት ወይም ጨርሶ መብራት ካላሳየ ጉዳዩ ሌላ ነው።

ያቺ እህት በማግስቱ ሌላ የድምፅ መልእክት ደረሳት። «እታለም፣ ተነሳ! አትላኪ» ይላል። ይህንን እንኳን እኔ ሳልተረጉምላት ገባት።