«ሲስተም የለም» ብቻ መልስ አይሆንም



ባንክ ቤት ተሰልፎ «ሲስተም የለም» ተብሎ ባዶ እጁን ያልተመለሰ ከመካከላችን የለም ማለት ይቻላል። ከሃረና ደን ቡናና ማሩን ጭኖ ጎባ ድረስ መጥቶ የሸጠ ሰው፣ በስልክ ተላከልህ የተባለው ገንዘብ ሳይደርሰው ሲቀር ማንን ይጠይቅ? ሲስተም እንደሆነ ስም የለው፣ መልክ የለው!

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ በስልክ ተዛምቶ በየኤቲኤሙ ሰልፍ ሆነ። ባንኩ እንደ ገለጸው፣ ነገሩ የውጭ ጥቃት ሳይሆን ሲስተሙን ለማሻሻልና ለመፈተሽ ሲሠራ የደረሰ ችግር ነው። ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ። ሲነጋም አገልግሎቱ በመላ አገሪቱ ለሰዓታት ቆመና ምንም ያላጠፋው ደንበኛ አብሮ ተቀጣ።

የወሰደ ይመልስ መባሉን እኛም እንደግፋለን፤ የሰው ገንዘብ የሰው ነው። አብዛኛውም በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሷል። ያልመለሱት ደግሞ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በየቅርንጫፉ ተለጠፈ። ግን ያንን ማሻሻያ ማን ሞከረው? ማን ፈቀደው? ቢበላሽ ቶሎ የሚያቆመው ሰው በዚያ ሌሊት ተመድቦ ነበር ወይ? ይህ እንደ ደንበኞቹ ስም በግልጽ ተለጥፎ አላየንም።

በውጭ አገርም ደርሷል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የላከው ስሕተት ያለበት ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮችን አቆመ፤ በሺሕ የሚቆጠር የአውሮፕላን በረራ ተሰረዘ፣ የሆስፒታል ሥራ ተስተጓጎለ። ጥፋቱ ከእኛው እጅግ ይበልጣል። ሆኖም ኩባንያው ስሕተቱን ከነምክንያቱ ጽፎ አወጣ፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ከፍተኛ ኃላፊው በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ፣ ተጠየቀም።

ዕድር እንኳ ገንዘብ ያዡን የሚቆጣጠር ሰው ይመርጣል፤ ሒሳቡም በጉባኤ ይነበባል። ገንዘብ ያዡ «ደብተሩ ተበላሸ» ብሎ ቢቀመጥ ማን ዝም ይለዋል? እንግዲህ ብሔራዊ ባንክ፣ ባንኮች ማንኛውንም ማሻሻያ አስቀድመው በጥቂቱ ሳይሞክሩ ለሁሉም እንዳይለቁ፣ በተዛባም ጊዜ ምክንያቱንና ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ማስገደድ ይገባዋል እንላለን። ጽሑፉም የባለ ዕዳው ስም በተለጠፈበት በዚያው ግድግዳ ይለጠፍልን።