ጠባቂው ለምን ከማማው ወረደ?

ባለፈው ሳምንት ለዘመድ ተዝካር ቡሬ ሄጄ ነበር። ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ከተበተነ በኋላ ቡና ተፈልቶ ሴቶች ብቻ ስንቀር፣ አርባዎቹን ያለፈች አንዲት ሴት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ሲስተር፣ አላወቁኝም?» አለችኝ። አላወቅኋትም። የእናቷን ስም ስትነግረኝ ግን የያዝኩትን ሲኒ መሬት አስቀመጥኩ።

እናቷን አልረሳኋትም። ከሠላሳ ዓመት በፊት ገደማ፣ እዚያው ቡሬ ዙሪያ ገጠር ባለ ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ በገበያ ቀን በርበሬዋን ሸጣ ስትመለስ እኔ ዘንድ ገባች። ዕድሜዋ ወደ ስድሳ ይጠጋል። «ሲስተር፣ ልጅነቴ ሳይመለስ አልቀረም፤ ከቆመ ስድስት ዓመት ያለፈው አደፌ መጣ» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። የደም ማነስ ኪኒን ሰጥቼ ሸኘኋት። ወደ ሐኪም አልላክኋትም። በዓመቱ በቃሬዛ ተይዛ መጣች። የማኅፀኗን ውስጠኛ ሽፋን የያዘው ካንሰር ከማኅፀን አልፎ ሆዷ ውስጥ ተሠራጭቶ ነበር።

ልጅቱ የጠየቀችኝ ይህንን ነው፦ «ሰው ሁሉ ጾም አብዝታ አቅሟን ጨርሳ ነው ይላል። እውነት የእናቴ ሰውነት መከላከል አቅቶት ነው?»

እዚያው የመለስኩላትን እዚህም ልጻፈው፤ ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ነውና።

የአገራችን ገበሬ በቆሎው ሲያሸት ማማ ሠርቶ ጠባቂ ያስቀምጣል። ጠባቂው ወንጭፉን ይዞ ዝንጀሮና ወፍ ያባርራል። በሰውነታችን ውስጥም እንዲህ ያሉ ጠባቂዎች አሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳት እንላቸዋለን። በኤች አይ ቪ ዘመን «ሲዲ ፎር ስንት ገባ?» ስንባባል የምንቆጥረው የእነዚህን ጠባቂዎች አንዱን ወገን ነበር። «ሲዲ ኤይት» የሚባለው ሌላው ወገን ደግሞ የተበላሸን ሕዋስ ለይቶ የሚገድል ነው።

የማኅፀን ውስጠኛ ሽፋን ጠባቂዎች ግን አንድ ልዩ ሥራ አለባቸው። ፅንስ ግማሹ ከአባቱ የመጣ ስለሆነ ለእናቲቱ ሰውነት እንግዳ ነው። ጠባቂዎቹ እንደማንኛውም እንግዳ ቢያባርሩት ማንም ሴት ባልወለደች ነበር። ስለዚህ እዚያ መታገሥን ያውቃሉ። «ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት» የሚባሉት ወገኖች በእርግዝና መጀመሪያ በሽፋኑ ውስጥ ይበዛሉ። ስማቸው ያስፈራል እንጂ፣ ፅንሱን አይነኩትም፤ ለእንግዴ ልጁ ደም የሚያደርሱትን ሥሮች እያሰፉ ያግዙታል።

ካንሰርም ጠባቂዎቹን የሚያስታግሥ ዘዴ አለው። በጠባቂው ሕዋስ ላይ እንደ መኪና ፍሬን የሚያገለግል ነገር አለ፤ ጠባቂው ከልኩ አልፎ ጤነኛውን አካል እንዳይጎዳ የተሠራ ነው። ካንሰሩ ይህን ፍሬን ይረግጠዋል። ዝንጀሮው የባለቤቱን ጋቢ ለብሶ «እኔ ነኝ፣ ውረድ» ሲለው ጠባቂው አምኖ ከማማው እንደሚወርድ ማለት ነው። ጉልበት አላነሰውም፤ ተታለለ። አንዳንዱ ጠባቂ እንዲያውም ወገኑን ለውጦ ለዕጢው አዲስ የደም ሥር እንዲዘረጋ ያግዛል።

በዕጢው ውስጥ ገዳይ ጠባቂዎች በብዛት የተገኙባቸው ሴቶች በአብዛኛው የተሻለ ዕድል እንዳላቸው ታይቷል። በተለይ አንድ ዓይነት አለ። ሕዋስ ሲባዛ፣ ብራና እንደሚገለብጥ ጸሐፊ፣ ዘሩን ይገለብጣል፤ ስሕተቱን የሚያቃና አራሚም አለው። ከአራት የማኅፀን ሽፋን ካንሰሮች በአንዱ ገደማ ይህ አራሚ ሥራውን አቁሟል። ስሕተቱ ሲበዛ ሕዋሱ መልኩ ይለወጣል፤ ጠባቂዎቹም እንግዳ መሆኑን ዐውቀው ይከቡታል። የቀራቸው ፍሬኑን ማላቀቅ ብቻ ነው።

ይህን ፍሬን ማላቀቅ እንደሚቻል ያሳዩት አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ፔምብሮሊዙማብና ዶስታርሊማብ የሚባሉት መድኃኒቶች የዚህ ግኝት ፍሬዎች ናቸው። በሽታው ለተሠራጨባቸው አንዳንድ ሴቶች ትልቅ ተስፋ ሆነዋል። ዋጋቸው ግን በርበሬ ሸጦ ለሚያድር ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። «ጠባቂውን ያጠነክራል» ተብሎ የሚሸጠው ማርና ጥቁር አዝሙድም ይህን ፍሬን አያላቅቅም። ጾምም ካንሰር አያመጣም። እናቶቻችንን በጾማቸው አንውቀሳቸው።

ለእኛ የሚበጀን ቀድሞ መድረስ ነው። ይህ ካንሰር ደግሞ ደግነቱ ቀድሞ ይጮኻል። ከያዛቸው ሴቶች አብዛኞቹ ያለጊዜው በሚመጣ ደም ያውቁታል። ካረጡ በኋላ ደም ከሚያዩ ሴቶች መካከል ካንሰር የሚገኝባት ከአሥር አንዷ ገደማ ናት፤ ስለዚህ ደም ያየች ሁሉ አትደንግጥ። ግን አንዷ ማን እንደሆነች ሳይመረመር አይታወቅም። ከማኅፀን ሳይወጣ ከተደረሰበት ማኅፀኑን በቀዶ ሕክምና በማውጣት ብዙዎቹ ይድናሉ። በአሜሪካ እንዲህ በጊዜ ከተደረሰባቸው 100 ሴቶች ከ90 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት ይገኛሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይምታታ። በየጤና ጣቢያው በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ምርመራ የማኅፀን በር ጫፍን የሚያይ ነው። በእኛ አገር የበር ጫፉ ካንሰር እጅግ ስለሚበዛ ምርመራውን አድርጉ፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠውንም ክትባት አስወስዱ። ነገር ግን ሁለቱም የውስጠኛውን ሽፋን አይመለከቱም። «ባለፈው ዓመት ተመርምሬ ነጻ ነሽ ተብያለሁ» ብላችሁ ደሙን ችላ አትበሉ። ለውስጡ አልትራሳውንድና ከሽፋኑ የሚወሰድ ናሙና ያስፈልጋል። የገጠሯ እናት ከጤና ጣቢያዋ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሪፈር ትጻፍላት።

ይበልጥ መጠንቀቅ ያለባቸው ውፍረትና ስኳር ያለባቸው፣ ያልወለዱ፣ እንዲሁም በቤተሰባቸው የማኅፀን ወይም የአንጀት ካንሰር የታየ ናቸው። ስብ ካረጡ በኋላም የሴት ሆርሞን ያመርታል፤ ሽፋኑን ሳያቋርጥ የሚቀሰቅሰው ይኸው ሆርሞን ነው። ብዙ መውለድ ይህን ካንሰር ይቀንሳል፤ ብዙ የወለደችም ቢሆን ግን ጨርሶ አይነካትም ማለት አይደለም።

ለልጅቱ ይህን ሁሉ ከነገርኳት በኋላ አንድ የቀረ ነገር ነበር። «ልጄ፣ የእናትሽ ሰውነት አልሰነፈም። በዚያ ቀን ከማማዋ የወረደች ጠባቂ እኔ ነኝ» አልኳት። ዝም አለች። ዝምታዋ ረዘመብኝ። ከዚያ የቀረበላትን ሦስተኛውን ሲኒ ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ «እንግዲያው ለሌሎቹ ይንገሩልኝ» አለችኝ።

ነገርኳችሁ። እናንተም ዛሬ ማታ እናታችሁን፣ አክስታችሁን፣ አማታችሁን ጠይቁ፦ «ካቆመ በኋላ ደም አይተሽ ታውቂያለሽ?» በሉ። ያፍራሉ፤ ግን ይመልሳሉ። ጤና ጣቢያ ያላችሁ ልጆቼም፣ «ልጅነቴ ተመለሰ» የምትል እናት ስትመጣ አብራችሁ አትሳቁ፤ ሪፈር ጻፉላት።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።