የተቃጠለ ነጭ አይመለስም

በጥር 11 ከፀዳ፣ ከአዘዞና ከደጋው ገጠር የተመመው ሕዝብ በአፄ ፋሲል የጥምቀት ባሕር ዙሪያ ሲቆም፣ ፀሐዩ በነጠላውና በጋቢው ላይ ይነድዳል። ነጩ ልብስ ብርሃኑን ይመልሳል፤ ጠይሙ ፊት በጥላ ይቀራል። ለፊቱ የለካ ካሜራ ጥለቱን አቃጥሎ ባዶ ያደርገዋል፤ ለጋቢው የለካ ፊቱን ከሰል ያስመስለዋል።

ጥፋቱን ሁሉ በፎቶግራፍ አንሺው ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የኮዳክ ኩባንያ «ሸርሊ» የተባለውን የነጭ ሴት ምስል ያለበትን ካርድ ለዐሥርተ ዓመታት የቀለም መመዘኛ አድርጎ ሲያሠራጭ፣ የጥቁር ሕዝብ መልክ በሚዛኑ ውስጥ አልተቆጠረም። መሣሪያ ገለልተኛ ነው የሚሉ ሁሉ ይህን ይመልሱ!

እነሆ ዛሬ ደግሞ «ግድ የለም፣ ኮምፒዩተር ይመልሰዋል» የሚል ስብከት ተነሥቷል። ስብከቱ ግማሽ እውነት ስላለው ይበልጥ ያሳስታል። በ14 ቢት የተቀዳ ጥሬ ፋይል በእያንዳንዱ ነጥብ እስከ 16,384 የብርሃን ደረጃ ሊለይ ሲችል፣ የተለመደው ጄፔግ ለአንድ ቀለም የሚይዘው 256 ብቻ ነው። በመሆኑም ከጥሬው ፋይል ጥላ ውስጥ የአሮጊቷ የፊት መስመር፣ የአንገቷ ንቅሳት ሊወጣ ይችላል፤ ነቁጥ ቢበዛበትም ካሜራው ያየው ነውና እውነት ነው። በተቃጠለው ነጭ ላይ ግን የተመዘገበ ነገር የለም። ባዶ እንስራ ቢያጋድሉት ውኃ አይወጣውም።

ታዲያ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መሣሪያ ከዚህ ባዶ ላይ ጥለት ሲሸምን፣ በጨለመ ፊት ላይ ሌላ ዐይን ሲተክል፣ ይህ መመለስ ይባላልን? መሣሪያው የሚገምተው ከዚህ በፊት ከተመገበው ሥዕል ተነሥቶ ነው። ከዚያ ክምር ውስጥ የጎንደር ድርሻ ስንት ይሆን?

ጎንደር የመተካትን ነገር ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጂቡቲ ተልዕኮ ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕሎችን አንሥቶ ሲወስድ፣ በምትካቸው ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራቸው ቅጂዎች ተተኩ። ጥንተ ሥዕሎቹ ፓሪስ፣ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። የሚገርመው፣ ያ ቅጂ አድራጊ እንኳ ከዋናው ፊት ቆሞ ነበር የሣለው! የዛሬው መሣሪያ ዋናውን አይቶ አያውቅም።

የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ በደብዛዛ ብርሃን ተነሥቶ፣ የኪሩቤል ዐይኖች በግምት ተስለው፣ «የታደሰ ፎቶግራፍ» ተብሎ በማስተማሪያ መጽሐፍ ቢገባ፣ ተማሪው የሚያጠናው የጎንደርን ሠዓሊ እጅ ነው ወይስ የማሽን ምኞት? «ታሪክ ደምቆ ይታይ» የሚሉ ወገኖች ለዚህ መልስ የላቸውም። ድምቀት ለማስታወቂያ ይበጃል፤ ለመዝገብ ግን አይሆንም።

በመሆኑም የባህል ተቋማት ከጠራው ሥዕል ጎን ጥሬውን ፋይል ያስቀምጡ፤ መሣሪያ የጨመረው ካለ በግርጌው ይጻፍ። ፎቶግራፍ አንሺውም በጥምቀት ቀን ለጥለቱ ይለካ፤ ጥላውን ማታ ቤቱ ገብቶ ያነሣዋል።