ለአንድ ሕመምተኛ ብዙ ዓይን

መጽሐፍ በእጅ በሚገለበጥበት ስፍራ ሁሉ አንዱ ጸሐፊ የሳተውን ፊደል ሌላው አንባቢ ያርመው እንደ ነበር፣ ከ13ኛው መቶ ዓመት ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ጀምሮ በትምህርት የታወቀውን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም የሚያውቁ ሊቃውንት አይስቱትም። ይህ የብዙ ዓይን ጥቅም ዛሬ በሕክምናም ተፈትኗል።

ይኸውም በማድሪድ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት የተገለጸው ማላሪያስፖት የተባለው ጨዋታ ነው። በማይክሮስኮፕ የተነሣ የደም ሥዕል በኢንተርኔት ቀርቦ፣ ማንም ፈቃደኛ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያያቸውን የወባ ተውሳኮች እንዲያመለክት ተደረገ። በአንድ ወር ከ95 አገሮች የተገኙ ሰዎች ከ12,000 ጊዜ በላይ ተጫወቱ፤ ሙያው የሌላቸው ተጫዋቾች 22 ጨዋታ ሲደመርም ቆጠራው ከመቶ 99 በላይ ትክክል ሆነ።

ወባ በኢትዮጵያ በአብዛኛው ከ2000 ሜትር በታች ባለው ምድር የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ከአምባሰል ደጋ ወደ ቆላው ለሚወርደው ገበሬ ነገሩ ሩቅ አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. የተነሣው ወረርሽኝ በኢትዮጵያ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደ ፈጀ ይገመታል። ፋልሲፓረም የሚባለው ወባ ፈጥኖ ይገድላል፤ ቫይቫክስ የሚባለው ግን በጉበት ተሸሽጎ ይመለሳል፤ መድኃኒታቸውም አንድ ስላልሆነ የመርማሪው ስሕተት የሕመምተኛው ጉዳት ነው።

ነገር ግን ጨዋታው የቆጠረው ተውሳክ እንዳለበት አስቀድሞ የታወቀውን ደም ነው። ሕመምተኛውን ከጤነኛው፣ አንዱንም ዓይነት ከሌላው መለየት ሌላ ሥራ ነው። በደንብ ያልተዘጋጀና ያልተቀለመ ደምም በሺህ ዓይን ቢታይ እውነቱን አይገልጥም።

ስለዚህ ሹማምንት ይህን ብልሃት በላቦራቶሪ ሠራተኛ ፈንታ ሊተኩት አይገባም። አስቀድሞ በሐይቅና በአምባሰል ጤና ጣቢያዎች ማይክሮስኮፕ፣ ማቅለሚያና የሠለጠነ ባለሙያ እንዳይጓደል መትጋት፣ ከዚያም ጨዋታውን ለተማሪዎች ማሠልጠኛና ለአጠራጣሪ ሥዕል ማረሚያ ማድረግ ይሻላል። ካህናትም ትኩሳት የያዘው ምእመን ጠበሉን ሳይተው በዚያው ቀን እንዲመረመር ቢመክሩ ብዙ ነፍስ ይድናል።

የሚያርም ዓይን ቢበዛ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን መጽሐፉ ሳይጻፍ አራሚ ምን ያደርጋል?