የሠራተኛ ልብ በምን ይያዛል?

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለው ተረት ለባለቀሚሷ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለልብስ ሰፊውም ነው። ጥር ሲቃረብ፣ በሽሮ ሜዳም ሆነ በመርካቶ ወይም በሌሎች ከተሞች፣ ከአራትና ከአምስት ሠራተኛ የማይበልጥ የስፌት ቤት ያለው ሰው እንቅልፍ አያገኝም። በቀጠሮው ቀን ያልደረሰ ቀሚስ ገዢ የለውም፤ የደንበኛዋም ቅያሜ ለከርሞ ይተርፋል።

እንግዲህ በዚህ ጊዜ፣ ጥለቱን ከቀሚሱ አስማምታ የምትሰፋው፣ ልኩን አንድ ጊዜ ለክታ የማትስተው ሠራተኛ «ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ አልመጣም» ብትል ባለቤቱ ምን ይሆናል? «ሙያውን ያስተማርኋት እኔ ነበርሁ፤ ከዳችኝ» ብሎ ያማርራል። ጎረቤቱም «የዛሬ ሠራተኛ ውለታ አያውቅም» እያለ ያጽናናዋል። ሁለቱም ግን ከመሄዷ በፊት ያለፉትን ወራት መለስ ብለው አይመረምሩም።

በዛሬው እሑድ ልናሳስብ የፈቀድነው ይህንኑ ነው። የሠራተኛ ልብ በአንድ ቀን አይሸሽም። በወሩ መጨረሻ ሊከፈል የሚገባው ደመወዝ «አንድ ሳምንት ታገሡኝ» ተብሎ ሁለት ሳምንት ሲያልፍ፣ ጥቂቱ ይሸሻል። «በዓሉ ይለፍና አስብላችኋለሁ» የተባለው የትርፍ ሰዓት ዋጋ በዓሉ አልፎ ሲረሳ፣ እንደገና ጥቂቱ ይሸሻል። ስለ አንድ የጠመመ ዝምዝማት በደንበኛ ፊት ስትዋረድ ደግሞ የቀረው ይከተላል። ከዚያ በኋላ እጇ በስፌት መኪናው ላይ ቢታይም ልቧ ከወጣ ሰንብቷል።

አንዳንድ ባለቤቶች የበዓል መዋያ በመስጠትና ምሳ በመጋበዝ የሠራተኛን ልብ ማሞቅ ይቻላል ይላሉ። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይባላልና። ነገር ግን ፊት የሚያምረው ፍትፍቱም ሲኖር ነው። የሰውን ደመወዝ ይዞ ቆይቶ በዓል ሲደርስ ዶሮ መግዣ የሚሰጥ ሰው፣ ከኪስ ወስዶ መልሶ የሚመጸውት ይመስላል። ኦሪት የምንደኛው ዋጋ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር ታዛለች፤ የእስልምና ትምህርትም የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ይከፈለው ይላል። አባቶቻችን ይህን የተማሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሕጉም ቢሆን ነገሩን ለባለቤቱ በጎ ፈቃድ አልተወውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ ወስኗል። የትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊበልጥ አይገባም። ዋጋው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራው በ1.5፣ ከዚያ እስከ ንጋት ለተሠራው በ1.75፣ በሳምንቱ የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 ተባዝቶ ይታሰባል። ይህን ሒሳብ በአንድ ደብተር እየመዘገቡ ማታ ማታ ከሠራተኛው ጋር መፈራረም ብዙ ወጪ የለበትም፤ ብዙ ጠብ ግን ያስቀራል።

«የትንሽ ሱቅ ባለቤት ከየት ያምጣ? ኪራዩ ይጨምራል፣ የክሩ ዋጋ ይወደዳል፣ ደንበኛ ያዘገያል» የሚሉን ይኖራሉ። እውነት ነው። ማጣት ነውር አይደለም፤ ነውሩ የደመወዙን ቀን በዝምታ ማሳለፍ ነው። ደንበኛ ቀብድ ሲሰጥ፣ ጨርቅ ከመገዛቱ በፊት የሰፊዋን ድርሻ ለይቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ባለቤቱም የራሱን ትርፍ ከሁሉ በኋላ ቢያነሣ፣ ሠራተኞቹ ይህን አይተው በችግሩ ቀን ይታገሡታል። ያልተነገረው ሰው ግን ምኑን ብሎ ይታገሣል?

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ባለሙያዎች ስፌቱን ለሠራተኛ ይተዉና ቅዱን ለራሳቸው ይደብቃሉ። «ቅድ ካወቀች ነገ የራሷን ሱቅ ትከፍታለች» ብለው ይሰጋሉ። ምናልባት ትከፍት ይሆናል። ነገር ግን በሩ እንደ ተዘጋባት ያወቀች ሠራተኛ ፈጥና ወደ ሌላ ትሄዳለች፤ ዕውቀት የተጨመረላት ግን የምትጠብቀው ነገር ስላላት ትቆያለች። በክብር የተሸኘችም ብትሆን የበዓል ሥራ ሲበዛባት ደንበኞቿን ወደ ቀድሞ ጌታዋ መላኳ አይቀርም።

ሠራተኛውም ከዕዳ ነጻ አይደለም። ክርና ቁልፍ የባለቤቱ ገንዘብ ነው፤ ሰዓትም እንዲሁ። አዋጁ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ መልቀቅ ቢፈልግ 30 ቀን አስቀድሞ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። በጥምቀት ዋዜማ ድንገት መጥፋት፣ ደመወዝን በዝምታ እንደ ማሳለፍ ያለ በደል ነው።

እኛ ግን መጀመሪያ የሚናገረው ባለቤቱ ነው እንላለን፤ ቁልፉም ሣጥኑም በእጁ ነውና። «ሠራተኛ ታማኝነት የለውም» ከማለቱ በፊት በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ይመልከት፤ ቃል የገባባቸውን ቀኖች አንድ በአንድ ይቁጠር። ቀጠሮውን ለደንበኛ ከማክበሩ በፊት ለሠራተኛው ያከበረ ሰው፣ ጥምቀት በመጣ ቁጥር መኪናዎቹ ሲሠሩ ያገኛቸዋል።